ዝናብ ይበዛል ተብሎ የዘራሁት ማሽላ ለምን ደረቀ?

ከቆቦ አካባቢ አንድ አባት በልጃቸው ቴሌግራም እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «ዘንድሮ ክረምቱ ከመደበኛው በላይ ይዘንባል ተባለ። በሰኔ ሚካኤል ማግስት ጣለልንና ማሽላ ዘራሁ። ግማሹ አልበቀለም፣ የበቀለውም ጠወለገ። ዘሩ ነው ወይስ ትንበያው ነው የዋሸኝ?»

አባቴ፣ ምን ያህል እንደጣለ አልነገሩኝም፣ ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን እንደጠፋም እንዲሁ። ግን «ጣለልንና ዘራሁ» ያሏት ነገር ትበቃኛለች። ያልበቀለው ዘሩ ነቅዞም ሊሆን ይችላል፤ ወጥቶ መጠውለግ ግን ጥማት ነው። አንድ ዶፍ ላዩን አርሶት ሄደ፣ ከዚያ ሳምንት አስር ቀን ጠፋ። ግምቴ ይሄ ነው።

ትንበያውም አልዋሸዎትም፣ ቁጥሩን ቆርጠው ነው የነገሩዎት። ኮምፒውተሩ የሚመጣውን ክረምት አያውቀውም። ከዛሬው የውቅያኖስ ሙቀትና ነፋስ ይነሳል፣ ልኬቱ ግን መቼም ፍጹም አይሆንም፣ ስለዚህ መነሻውን በጥቂቱ እየቀያየረ ያንኑ ክረምት ደጋግሞ ያሰላዋል፤ የአውሮፓው የትንበያ ማዕከል ለአንድ ወቅት 51 ጊዜ ያሰላል። ከዚያ ስንቱ ስሌት ዝናባማ፣ ስንቱ ደረቅ እንደወጣ ይቆጠራል። ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ በታች 20 በመቶ ቢባል፣ እርስዎ ጆሮ የሚደርሰው «ይዘንባል» የሚለው ብቻ ነው። 20 በመቶ እኮ ከአምስት ክረምት አንዱ ነው! በዚያ ላይ ቁጥሩ የሚያወራው ስለ ክረምቱ ጠቅላላ ዝናብ እንጂ ስለ ሰኔ 13 አይደለም።

የእርስዎን ማሳ የሚያውቀው ቆርቆሮ ነው። አፉና ቂጡ እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይፈልጉ። ከዛፍና ከቤት ርቆ፣ እንጨት ላይ ወገብ ድረስ ከፍ አድርገው ይሰሩት። በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ልጅቷ በደብተር ማስመሪያዋ ውሃውን ትለካው፣ ትጻፈው፣ ትድፋው። ጣሳው ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ማሳዎ ላይም 1 ሚሊ ሜትር ነው የዘነበው። የሦስት ቀኑ ድምር 20 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ሳንቲ ሜትር ካልሞላ አይዝሩ። ከሞላም አፈሩን ቆፈር ያድርጉት፣ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ካልወረደ ይታገሱ። 20 ከሞላ በኋላም ዝናቡ ሊጠፋ ይችላል፣ ያንን ማንም አይምልልዎትም፤ ለዚህ ነው ግማሹን ማሳ መጀመሪያ ዘርተው ግማሹን ለቀጣዩ ዝናብ ማቆየት የሚሻለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ጎረቤት በሬ ጠመደ ተብሎ መንደሩ በሙሉ በአንድ ቀን ሲዘራ በየዓመቱ አያለሁ። እሱስ ማንን አይቶ ነው የጠመደው?

ለአሁኑ የጠወለገውን እያዩ አይቆዩ። የሦስት ቀኑ ድምር 20 ሲሞላ ያንኑ የሚዘገየውን ማሽላ አይድገሙት፤ እንደ «መልካም» ያለ ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ይፈልጉ፣ ሐምሌ አጋማሽ ካለፈ ደግሞ ማሾ ይሻልዎታል።