ማድሪድ ለምን እምቢ አለች?

ጥያቄ፦ የባስክ ፓርላማ ያጸደቀውን ዕቅድ ማድሪድ እንዴት ልትጥለው ቻለች? ንግግሩስ የት ደረሰ? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ኢባሬቼ ዕቅድ ነው። በሰሜን ስፔን ያለችው ራስ ገዝ ክልል ባስክ ከስፔን ጋር በፈቃዷ የተጣመረች እንድትሆን የሚል ነበር። የባስክ ፓርላማ በ2004 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) 39 ለ35 አጸደቀው። የባስክ መንግሥት መሪ ኢባሬቼ ራሳቸው ማድሪድ ሄደው የስፔን ምክር ቤት ፊት ተከራከሩ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2005 ድምፅ ሲሰጥ 313 ተቃወሙ፣ 29 ደገፉ። የ1978ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የስፔን አንድነት አይከፈልም ይላልና። እኔን የሚቆጨኝ ይህን ያህል ጉዳይ በአንድ ቀን ክርክር መዘጋቱ ነው።

ለባስክ ነፃነት ይዋጋ የነበረው ታጣቂ ቡድን ኢታም ቢሆን ንግግርን ገድሏል። በ2006 ተኩስ አቆምኩ አለ። መንግሥት ሊያነጋግረው ሲል፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 30 በማድሪድ ባራኻስ አውሮፕላን ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ ላይ ቦምብ አፈነዳ። መኪናቸው ውስጥ ተኝተው የነበሩ ሁለት የኢኳዶር ስደተኞች ሞቱ። እነሱ ምን በደሉ?

ኢታ በ2011 የትጥቅ ትግሉን አቆመ፣ በ2018 ፈረሰ። ራስን በራስ የመወሰን ጥያቄው ግን ዛሬም ለሕዝበ ውሳኔ አልቀረበም።