መልስ፦ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው መሸሽ ባሕርይ ነው?

እህቴ፣ ወንድምሽ ድባቴ ያለበትን ጓደኛውን የሚሸሸው ባሕርዩ ሆኖ እንደሆነ ጠይቀሻል። በከፊል አዎ፤ ግን ባሕርይ ብቻውን አይወስንም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ባሕርይን ብዙ ጊዜ በ5 ዘርፎች ይለኩታል። ከማግለል ጋር ጎልተው የሚያያዙት ሁለቱ ናቸው፦ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆንና ለሰው አዛኝ መሆን። እነዚህ ከፍ ያሉለት ሰው በአማካይ ከታመመ ሰው ብዙም አይርቅም። ቶሎ የመጨነቅ ባሕርይ ግን አንድ ወጥ መልስ የለውም። አንዱን ፍርሃቱ ያሸሸዋል፤ ሌላው ጭንቀትን ከራሱ ስለሚያውቀው ይበልጥ ይረዳል። ተጫዋች መሆንማ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ «ተፈጥሮዬ ነው» የሚለው ቃል ማምለጫ እንዳይሆን ነው። አመለካከት ይለወጣል! አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ በእኩልነት የሚደረግ ቅርርብ ጭፍን ጥላቻን ይቀንሳል። ይህ ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል። በተለይ አዋቂዎችን ከገለጻ ይልቅ ሕመሙን ከኖረ ሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ይለውጣቸዋል። «የአንጎል በሽታ ነው» እያሉ ማስረዳት ደግሞ ወቀሳን ቢቀንስም፣ «እንግዲህ አይድንም» የሚል ተስፋ መቁረጥ ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ ወንድምሽን በክርክር አታድክሚው። ሁለቱ አብረው የሚሠሩት ነገር ፈልጊላቸው፤ ጓደኛው ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ።