ትምህርት፣ ጓደኝነትና የመጀመሪያ ፍቅር፦ ለአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪና የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምርት ነኝ። ሐኪም የመሆን ምኞት አለኝ፤ በትምህርት ቤታችን የሴት ተማሪዎች ክበብም ሰብሳቢ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ «ፌሚኒስት ሆነሻል፤ ይህ ከሃይማኖታችን ጋር አይሄድም» እያለ ይወቅሰኛል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ከአንድ የክፍሌ ልጅ ጋር ተዋደናል። የስልኬን የይለፍ ቃል ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ፤ ከክበቡ ብወጣ ደስ እንደሚለውም ነግሮኛል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ «ይህ ልጅ እየተቆጣጠረሽ ነው» ስትለኝ የቀናች መስሎኝ ተቆጣኋት፤ አሁን አንነጋገርም። መውደዴ ኃጢአት ነውን? ስለ ሴቶች እኩልነት መናገሬስ? ከመዝሙር አገልግሎት መውጣት ይገባኝ ይሆን?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ እኅታችን፣ የልብሽን ሳትደብቂ ስለ ጠየቅሽ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሌሎቹ ጥያቄዎችሽ በእርሱ ላይ የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ከወንድምሽ ወቀሳ እጀምራለሁ።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሴት ልጅ ክብር መናገር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ፈጠረ፣ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው ይላልና (ዘፍ. 1፥27)። «እርሱም ገዥሽ ይሆናል» የሚለው ቃል የተነገረው ግን አዳምና ሔዋን ከወደቁ በኋላ ነው (ዘፍ. 3፥16)። ስለዚህ የአንዱ በሌላው ላይ መሠልጠን ኃጢአት ካመጣብን ቁስል የሚቆጠር እንጂ የተፈጥሯችን መነሻ አይደለም፤ ጌታችንም የመጣው ቁስላችንን ሊፈውስ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ «በጌታ ዘንድ ሴት ያለ ወንድ ወንድም ያለ ሴት አይሆንም» ብሎ የጻፈውን (1ኛ ቆሮ. 11፥11) ወንድምሽ ከአንቺ ጋር ተቀምጦ ቢያነብበው መልካም ነው። በሐዋርያት ዘመን አጵሎስን የሚያህል በመጻሕፍት የበረታ ሰው ወደ ቤታቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ የገለጡለት ጵርስቅላና ባሏ አቂላ ነበሩ (ሐዋ. 18፥26)። ወደ እኛም ስንመጣ፣ በጎጃም ምድር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው ሳለ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ በኋላም ወንበር ዘርግተው ለወንዶች ደቀ መዛሙርት ቅኔ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። እነዚያ ተማሪዎች ከአንዲት ዓይነ ስውር መነኩሲት እግር ሥር ሲቀመጡ ሃይማኖታቸውን አልጣሱም።

ስለዚህ ሐኪም ለመሆን መትጋትሽ፣ ሴት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ እንዳይናቁ፣ በመንገድ እንዳይለከፉ፣ ያለ ዕድሜያቸው እንዳይዳሩ መናገርሽ የተቀደሰ ሥራ ነው። በሀገራችንም የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻ እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር የተቃረበችን ልጅ ወደሚረዷት ሰዎች ማድረስም ከምጽዋት የማያንስ በጎነት ነው። ፌሚኒዝም በሚለው ስም ከሚነገረው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የማትቀበለው አለ። ወንድን ሁሉ እንደ ጠላት ማየትን፣ ጋብቻንና እናትነትን እንደ ውርደት መቁጠርን አትቀበልም፤ እመቤታችንን «የአምላክ እናት» ብለን የምናከብር ሰዎች እናትነትን ልንንቅ አንችልምና። ወንድምሽ የሚፈራው ይህን ከሆነ ፍርሃቱን አትናቂበት፤ ነገር ግን አንቺ የምትናገሪው ይህን እንዳልሆነ በእርጋታ አስረጂው።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። በዕድሜሽ ልብ ወደ አንድ ሰው ማዘንበሉ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ይህን ዝንባሌ በተፈጥሯችን ያኖረው እግዚአብሔር ነው። ኃጢአት የሚሆነው ሐሳቡን በምኞት እያሳደግን ስንቀመጥና ከጋብቻ በፊት ወደማይገባው ሥራ ስንሄድበት ነው። በጥያቄሽ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ግን መውደድሽ ሳይሆን የይለፍ ቃሉ ነው።

እስቲ በስልክሽ ውስጥ ያለውን አስቢ። ጓደኛሽ በቤቷ ስለተፈጠረው ጠብ አልቅሳ የጻፈችልሽ መልእክት ይኖራል፤ የክበቡ ሰብሳቢ ስለሆንሽ አንዲት ታናሽ ተማሪ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን አምና የላከችልሽ ይኖራል፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር የተነጋገርሽውም ይኖራል። ይህ ሁሉ የአንቺ ብቻ ስላልሆነ ለሌላ አሳልፈሽ የመስጠት ሥልጣን የለሽም። ልጁ የይለፍ ቃሉን የጠየቀሽ በፍቅር ስም ነው፤ ሐዋርያው ግን ስለ ፍቅር ሲናገር «የራሱንም አይፈልግም» ይላል (1ኛ ቆሮ. 13፥5)። የሚወድ ሰው የወደደውን ያምናል፤ ማን ጻፈላት፣ ለማን መለሰች እያለ ሌሊት መልእክት የሚመረምር ሰው ገና ማመንን አልተማረም። «ከክበቡ ውጪ» ማለቱም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። በክበቡ ስብሰባ ላይ ቆመሽ ለሌሎች ሴቶች የምትጠይቂውን ክብር፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ለራስሽ ልትተዪው አይገባም። እኩልነትን ታምኚበት እንደሆነ የሚታየው በንግግርሽ ሳይሆን በዚህ ቦታ ነው።

ልጁን ክፉ ነው ብዬ አልፈርድበትም። እርሱም ልጅ ነው፤ መቆጣጠርን እንደ ፍቅር የሚቆጥሩ ታላላቆችን እያየ አድጎ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬውኑ የይለፍ ቃሉን ቀይሪና «በስልኬ የሌሎች ምስጢር ስላለ ቀይሬዋለሁ፤ በክበቡም እቀጥላለሁ» ብለሽ በአጭሩ ንገሪው። ተረድቶ ይቅርታ ከጠየቀ ወንድምሽ ነው። ከተቆጣ፣ ካኮረፈ፣ «አትወጂኝም ማለት ነው» እያለ ከወቀሰሽ ግን መልሱን አግኝተሻልና አትከራከሪው። ፎቶግራፍ ወይም የጻፍሽውን ነገር ይዞ የሚያስፈራራሽ ከሆነ ደግሞ ብቻሽን አትሸከሚው፤ በዚያው ቀን ለእናትሽ ወይም ለምታምኛት መምህርት ንገሪ፤ ነውሩ የሚያስፈራራሽ ሰው እንጂ የአንቺ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድና ሴት ለትዳር የሚተያዩት በመተጫጨት ነው፤ እርሱም ወላጆችና የንስሐ አባት እያወቁት፣ ወደ ተክሊልና ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚያደርስ መንገድ ነው። አንቺ ገና ለዚህ አልደረስሽም፤ ከፊትሽ የ12ኛ ክፍል ፈተናና የብዙ ዓመት የሕክምና ትምህርት አለ። እስከዚያ ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ቆነጃጅትን «እንደ እኅቶች በፍጹም ንጽሕና» ይያቸው ዘንድ እንዳዘዘው (1ኛ ጢሞ. 5፥2)፣ ከክፍልሽ ልጆች ጋር እንደ እኅትና ወንድም ኑሩ። ከወንድ ተማሪ ጋር ማጥናት አልተከለከለም፤ ሰው ባለበት፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በቡድን ይሁን። ሰው እንዳያየን ተብሎ የሚመረጥ ቦታ ግን፣ የሚነገርሽ ምክንያት ምንም ያህል ቢያምር፣ አንቺን አይጠብቅሽም።

ከሁሉ ይልቅ ያዘንሁት ስለ ጓደኛሽ ነው። «የወዳጅ ማቍሰል የታመነ ነው» ይላል ጠቢቡ (ምሳ. 27፥6)። እርስዋ ደስ የማያሰኝሽን እውነት የነገረችሽ ልታጣሽ እንደምትችል እያወቀች ነው፤ ቅናት እንዲህ አይደፍርም። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል አንብቢ። በ17ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖት በለወጡ ጊዜ ይህች የመኳንንት ወገን የሆነች ሴት የተዋሕዶ እምነቷን አልለቅም ብላ ተሰድዳለች፤ ከንጉሡም ፊት ቀርባለች። በዚያ ሁሉ መከራ እኅተ ክርስቶስ የምትባል ወዳጅ ነበረቻት፤ ወለተ ጴጥሮስ ካረፈች በኋላም ማኅበሯን የመራችው እርስዋ ናት። የቅዱሳን ሕይወት እንኳ ያለ ወዳጅ አልተፈጸመም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በመጀመሩ፣ ብዙ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤታቸው ርቀው ለቀናት ያድራሉ፤ እንደዚያ ባለ ቦታ ፈርተሽ ስትነቂ ከአጠገብሽ መሆን የሚገባት ይህቺው ልጅ ናት። ይቅርታ ለመጠየቅ ደግሞ ጾም እስኪገባ ወይም ሌላ ሰው እስኪያስታርቅ አትጠብቂ፤ በመልእክትም አትላኪው፤ ቤቷ ሄደሽ «እውነትሽን ነበር» በያት።

ከመዝሙር አገልግሎት አትውጪ። ዝማሬ የሚገባው ፈተና ለማያውቀው ብቻ ቢሆን ኖሮ በመቅደሱ ደጅ ማን ይቆም ነበር? ይልቁንም የልብሽን ሁሉ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ከልጁ ጋር እስከ ምን እንደደረሳችሁ ሳታፍሪ ግለጪላቸው፤ ቀኖና ከሰጡሽም በደስታ ፈጽሚ። እናትሽንም አታርቂያት። በመጀመሪያ ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣለች ብለሽ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው ከምታደርጊ ግን ከአንቺ ትስማው፤ ብቻሽን መናገር ከከበደሽ ጓደኛሽ ከይቅርታው በኋላ አብራሽ ትቀመጥ።