ሌንሱ ምን በደለ? ስለ ኤሌክትሮማግኔቲክ ረብሻ ጥያቄና መልስ

የኦፕቲክስ መሣሪያን ከረብሻ ስለመከላከል የጠየቃችሁኝ ስለበዛ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

የስልክ ሞገድ በሌንሱ የሚያልፈውን ብርሃን ያዛባል?

ኧረ በፍጹም። ሌንሱ ስለ ስልክህ ደንታ የለውም። የሚታመሙት ከብርሃኑ ወዲያ ያሉት ናቸው፤ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፎቶዳዮድ፣ ሲግናሉን የሚያጎላው አምፕሊፋየርና ኬብሉ። ሲግናልህ በናኖአምፔር የሚለካ ደካማ ከሆነ አንድ ሜትር ኬብል አንቴና ሆኖ ቁጭ ይላል።

50 ኸርዝ (የመብራት ኃይሉ ድግግሞሽ) ረብሻ አለብኝ። መሣሪያው ያለበትን ሳጥን በመዳብ ወረቀት ብሸፍነውም ለውጥ የለም።

አይኖርማ! በ50 ኸርዝ ሞገዱ በመዳብ ውስጥ በደንብ እስኪዳከም 9 ሚሊሜትር ገደማ ይዘልቃል፣ በ1 ሜጋኸርዝ ግን 0.07 ሚሊሜትር ብቻ። ስለዚህ ወረቀቱ የሬዲዮ ሞገድ ይመልሳል፣ የትራንስፎርመር የ50 ኸርዝ ማግኔቲክ ፊልድ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። ሚዩ ሜታል (ማግኔቲክ ፊልድን ወደ ራሱ የሚስብ የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ይሠራል፤ ውድ ነው፣ ካጠፍከው ወይም ካንኳኳኸው ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን አርቀው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፊልዱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ያውም በነፃ።

የኧርዙን ሽቦ ብቆርጠው የኧርዝ ሉፑ (መሣሪያዎቹ በተለያየ ቦታ ኧርዝ ሲደረጉ በሽቦዎቹ የሚዞረው የረብሻ ከረንት) ይጠፋል አሉኝ።

ይጠፋል፤ አንቺም አብረሽ ልትጠፊ ትችያለሽ። አንዳንድ የሌዘር ፓወር ሰፕላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያወጣል። እባክሽ አትንኪው። ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኪ፣ ካልበቃ ሲግናሉን በፋይበር ኦፕቲክ አሳልፊው።

ሳጥኑን ጥርቅም አድርጌ ከዘጋሁት ብርሃኑ በየት ይግባ?

የምወደው ጥያቄ መጣ። ቀዳዳው ላይ የብረት ቱቦ፣ ለምሳሌ ውስጡ 2 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 6 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው፣ ዙሪያውን ክፍተት ሳትተው በይድ። ከ8.8 ጊጋኸርዝ በታች ያለ ሞገድ በዚህ ስፋት መጓዝ ስለማይችል መንገድ ላይ ይሞታል፤ የ2.4 ጊጋኸርዙ ዋይፋይም ጭምር። ብርሃን ግን ዘና ብሎ ያልፋል። የሽቦ ወንፊት የሚለጥፉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፤ ጨረሩን ይበትናል። በቱቦው ውስጥ ሽቦ እንዳታሳልፍ ብቻ፣ ሞገዱን ተሸክሞ ያስገባልሃል።

ኬብል ላይ የሚጠለቀው የፌራይት ቀለበትስ?

ለሜጋኸርዝ ረብሻ ጥሩ ነው፣ ለ50 ኸርዝ ዋጋ የለውም።

ከየት ልጀምር?

ፎቶዳዮዱን በጥቁር ነገር ሸፍነው። ረብሻው ካልጠፋ በኤሌክትሪክ መንገድ ነው የሚገባው። ከጠፋ የመጣው ከብርሃኑ ጋር ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳጥን ስሸፍን፣ ኬብል ስቀይር ከረምኩ። ለካ የ100 ኸርዙ ረብሻ የጣሪያው መብራት ብልጭታ ኖሯል።