ማደያው መኪናውን ሲጠብቅ፣ መኪናው ማደያውን

አንዲት ተማሪ ከኮምቦልቻ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች። «የመካኒካል ምህንድስና አምስተኛ ዓመት ነኝ። ለመመረቂያዬ በሃይድሮጂን ማደያዎች ላይ የሚደረግን ኢንቨስትመንት በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማጥናት አስቤያለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹ሰው ለናፍጣ ተሰልፎ እያደረ አንቺ ሃይድሮጂን ትያለሽ?› ይሉኛል። ልተወው? ደግሞስ ሥራ ያስገኝልኛል?»

አብሽሪ እህቴ። አትተዪው። ትንሽ ግን እናዙረው።

ከሥራው ልጀምር። «የሃይድሮጂን ሲሙሌሽን ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ደሴ ውስጥ ይለጠፋል ብለሽ አትጠብቂ። ቀጣሪ የሚፈልገው ከሥሩ ያለውን ችሎታ ነው። ገንዘብ የሚያወጣው ሰውና ተጠቃሚው እርስ በርስ እየተያዩ ሲጠባበቁ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ማስላት። ባንክ የፕሮጀክት ብድር ሲገመግም፣ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት ሲያቅድ፣ የትራንስፖርት ድርጅት መኪና ሊቀይር ሲል ይህን የሚያሰላ ሰው ያስፈልጋል።

መጠባበቁን እዚያው ከተማሽ ታዪዋለሽ። ዳር ላይ አዲስ ሰፈር ሲቆረቆር ባጃጁ «ሰው የለም» ብሎ አይገባም። ሰዉም «ባጃጅ የለም» ብሎ ቤት አይከራይም። አንድ ደፋር ባጃጅ ሁለት ወር በኪሳራ ከተመላለሰ ግን ሰፈሩ ይነቃል፣ ተራ ይያዛል። የሃይድሮጂንም ጣጣ ይኸው ነው። ልዩነቱ ደፋሩ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። ሃይድሮጂኑ መኪና ውስጥ የሚገባው እስከ 700 ባር ግፊት (ከተራው የአየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ) ድረስ ታምቆ ነው። መጭመቂያው፣ ማቀዝቀዣውና ታንኩ ሁሉ ውድ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሼል እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ለትንንሽ መኪኖች የከፈታቸውን የሃይድሮጂን ማደያዎች ዘግቷል። መኪናውን የገዛ ሰው ያን ቀን ምን እንደተሰማው አስቢው።

ሲሙሌሽኑ፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ አስመስለሽ የምትሞክሪው፣ ይህን ውሳኔ በየሰዉ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱን ሾፌር የራሱ ቤት፣ መንገድ፣ ኪስና ስጋት ትሰጪዋለሽ። እያንዳንዱን ባለሀብት ደግሞ ስንት ዓመት ከስሮ መቆየት እንደሚችል ትነግሪዋለሽ። ከዚያ ዓመታቱን ታስኬጂያለሽ። ማደያውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስታዛውሪ፣ ወይም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማደያዎች መንግሥት ቢደጉም ስትዪ፣ ገበያው ሲነሳ ወይም ሲሞት ታያለሽ። ለዚህ የሚሆነው ኔትሎጎ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። አንዴ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ከቻልሽ ደግሞ እሰየው።

ሒሳቡ ላይ ግን ሐቀኛ ሁኚ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከውኃ ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት እና ከዚያም በላይ መብራት ይፈልጋል። ከ100 እጅ መብራት በሃይድሮጂን በኩል ዞሮ ጎማው ላይ የሚደርሰው 30 እጅ ገደማ ነው። በባትሪ 70 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሃይድሮጂን አይታየኝም። አገራችን በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከልክላለች። እናም የመጀመሪያውን ሞዴልሽን በኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ላይ ሥሪው። መንገዱ ራሱ ጥሩ ፈተና ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ወደ ላይ የሚበላው ባትሪና ወደ ታች የሚበላው አንድ አይደለም። ሞዴሉን ስታምኚው ቻርጀሩን በሃይድሮጂን ማደያ፣ ሚኒባሱን በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ በሚወርደው ተሳቢ ተኪው። ጥናትሽ ያኔ ነው የሚጣፍጠው። ለውጭ ማስተርስ ስታመለክቺም የምታሳዪው እሱን ነው። (ሃይድሮጂን ለማዳበሪያ የሚሆን አሞንያም ይሠራበታል። ለወሎ ገበሬ ከመኪናው ይልቅ ይኼ ይቀርበው ይሆናል። አንድ ምዕራፍ ስጪው።)

አንድ ነገር ላጫውትሽ። አምና ኮምቦልቻ አንድ ማደያ ጋ የተሳቢዎች ሰልፍ ነበር። ሾፌሮቹ በመኪናው ጥላ ጆንያ አንጥፈው ቡና ያፈላሉ። አንዱን አባባ «እዚህ ማደያ እያለ ለምን በጀሪካን ይዘው ይሄዳሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ማደያውንማ አየዋለሁ። ነዳጁን ነው የማላየው» አሉኝ። በብዙ ሞዴል ውስጥ ማደያ አለ ወይም የለም ነው። የእሳቸው ውሳኔ ግን በእምነት ላይ ነው የቆመው። አንዴ ደርሰው ባዶ ካገኙት፣ ለስንት ጉዞ አያምኑትም? ይህን ቁጥር ሞዴልሽ ውስጥ ካስገባሽ፣ አማካሪሽም ቀጣሪሽም ቆም ብሎ ያነብሻል።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ይዘሽ በባቲ መውጫ ቁሚ። ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የሚያልፉትን ተሳቢዎች ቁጠሪ። የቆሙትን ደግሞ የት እንደሚሞሉ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ባዶ ማደያ ገጥሟቸው ስንት ጊዜ እንደቆዩ ጠይቂያቸው። መልሱን ሳታሳምሪ እንደነገሩሽ ጻፊው። ፕሮግራሙን የምትጭኚው ማታ ቤት ስትገቢ ነው።