መልስ፦ ነርሲንግ መርፌ መውጋት ብቻ ነው ወይ?

ኧረ በፍጹም እህቴ! ዲግሪው እዚህ አገር 4 ዓመት ነው። ፍሬሽማኑን ካለፍሽ በኋላ አናቶሚ (የሰውነት ክፍሎች ቅርጽና አቀማመጥ)፣ ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አሠራር)፣ ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) ይመጣሉ። ፋርማኮሎጂን ከወዲሁ ጠንከር አድርገሽ ያዢው፤ ብዙ ሰው የሚንገዳገደው እዚያ ላይ ነው።

ሂሳብ እንደማትወጂ ጽፈሻል። እሱ እንኳ አይቀርልሽም! ሐኪሙ 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይሰጥ ብሎ አዘዘ እንበል። ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ 1 ሚሊ ሊትሩን በ20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ መውረድ አለበት። አልጋው አጠገብ ቆመሽ፣ ሰዓትሽን እያየሽ ትቆጥሪያለሽ።

በሕፃናት፣ በማዋለጃና በአእምሮ ሕክምና ክፍሎችም ትዞሪያለሽ፤ ጤና ጣቢያም አለ። ለመመረቅ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው።