የማኅበረሰብ ሳይካትሪስት ለመሆን ለምታስቡ ሐኪሞች፦ ከደመወዙ በፊት አብሯችሁ ማን እንደሚሠራ ጠይቁ

ኢትዮጵያ ተመርቃችሁ አሜሪካ የገባችሁ ሐኪሞችም ሆናችሁ እዚሁ አድጋችሁ ሕክምና የተማራችሁ ልጆቻችን፣ ሳይካትሪን (የአእምሮ ሕክምናን) ስታስቡ የማኅበረሰብ ክሊኒክን እንደ መጨረሻ አማራጭ አትዩት። ከሆስፒታል የወጣው፣ መጠለያ የሚያድረው፣ ከእስር የተፈታው፣ ኢንሹራንሱ ሜዲኬይድ (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላለው የሚሰጠው) የሆነው ወይም ጭራሽ የሌለው ታካሚ የሚመጣው እዚህ ነው። ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር በሰው ሕይወት ላይ በ10 ዓመት ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ፣ ሕክምናውም ምን ያህል እንደሚመልስ በቅርብ የሚታይበት ሥራ ነው። ጎበዝ ሐኪም ከዚህ ሥራ ተማሮ ሲወጣ ያየ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ የሕመሙን ክብደት ሳይሆን ያለ ረዳት ብቻን መቅረትን ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ወደዚሁ ይመለሳል።

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኦክቶበር 1963 በፈረሙት ሕግ ታካሚዎች ከትልልቅ የአእምሮ ሆስፒታሎች ወጥተው በየአካባቢያቸው ማዕከላት እንዲታከሙ ታቀደ። ሆስፒታሎቹ ባዶ ሲሆኑ ከታሰቡት ማዕከላት ብዙዎቹ ሳይሠሩ ቀሩ። ክሊኒኮቹ ዛሬም የሚጨናነቁት በከፊል ለዚህ ነው።

መንገዱን በአጭሩ ላስቀምጥ። በውጭ አገር የተመረቀ ሐኪም ስቴፕ 1ና ስቴፕ 2 ሲኬ የሚባሉትን የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተናዎች አልፎ፣ የውጭ ምሩቃንን ብቃት የሚያረጋግጠውን የኢሲኤፍኤምጂን ሰርተፊኬት መያዝ አለበት። ስቴፕ 1 ከ2022 ጀምሮ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሆነ፣ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ፕሮግራሞች የሚመዝኑት ቁጥር የስቴፕ 2 ሲኬ ነጥብ ሆኗል። የክሊኒካዊ ችሎታ ፈተና የነበረው ስቴፕ 2 ሲኤስ በ2021 ቀርቷል፤ በምትኩ ክሊኒካዊ ችሎታን በኢሲኤፍኤምጂ ከተፈቀዱት መንገዶች በአንዱ ማስመስከርና ኦኢቲ የተባለውን የሐኪሞች እንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። አንድን ስቴፕ መፈተን የሚቻለው ቢበዛ 4 ጊዜ ነው፤ የወደቃችሁበትም ከመዝገቡ አይጠፋም። ስለዚህ «እስቲ ልሞክረው» ብላችሁ አትቀመጡ። ማመልከቻ ሴፕቴምበር ላይ ይገባል፣ የማች (የሐኪሞችና የፕሮግራሞች ምደባ) ውጤት ማርች ላይ ይታወቃል፣ ሬዚደንሲው ጁላይ ላይ ይጀመራል። ሳይካትሪ እንደ ድሮው በቀላሉ የሚገቡበት ዘርፍ አይደለም። በአሜሪካ ሳይካትሪ ክፍል ውስጥ ሥራችሁን በዓይኑ ያየ ሐኪም የጻፈው ደብዳቤ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ሬዚደንሲው 4 ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 4 ወር የውስጥ ደዌ ወይም ሌላ የጠቅላላ ሕክምና ክፍል ትሠራላችሁ፤ 2 ወር ኒውሮሎጂም አለበት። ይህን ክፍል ለማለፍ ያህል አትሥሩት፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ቀድሞ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በልብ በሽታና በመሳሰሉት ነውና። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት የሚፈጅ የማኅበረሰብ ሳይካትሪ ፌሎሺፕ (ተጨማሪ ሥልጠና) አለ፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ከ1981 ጀምሮ ያስተምራል። ግዴታ አይደለም፤ ክሊኒክ መምራት ለሚፈልግ ግን ይጠቅማል።

በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ) ቪዛ የሠለጠናችሁ ወደ አገር ተመልሳችሁ 2 ዓመት መቆየት ወይም ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ማግኘት ይኖርባችኋል። ኮንራድ 30 የሚባለው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ስቴት በዓመት 30 ቦታ ይሰጣል፤ በምላሹ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ 3 ዓመት በሙሉ ሰዓት ትሠራላችሁ። የማኅበረሰብ ክሊኒኮች ብዙ ጊዜ በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ላይ ይጀምራል፣ በአንዳንድ ስቴቶች ኮታው ቶሎ ያልቃል። ሥራ ፍለጋውን ሬዚደንሲው 3ኛ ዓመት ላይ ጀምሩ። ኮንትራቱን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያነበው አትፈርሙ፤ አሠሪው ቪዛችሁን ይዞ የፈለገውን ሲጭንባችሁ መውጫ የሚሰጣችሁ ወረቀቱ ላይ ያለው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ደመወዙ ይነገራችኋል፤ ሌላውን እናንተ ጠይቁ። ለአዲስ ታካሚ ስንት ደቂቃ? 60 ደቂቃ ይበቃል። ለተመላላሹስ? 30 ከሆነ ደህና ነው። 15 ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት የሚቀረው የሰውነት ምርመራው ነው፦ ክብደት፣ የደም ስኳርና ኮሌስትሮል ሳይለካ፣ ከመድኃኒት የሚመጣው የአፍና የእጅ እንቅስቃሴ ሳይታይ ዓመት ያልፋል። የየቀኑን ኪኒን የሚተካውን ወርኃዊ መርፌ የሚወጋ ነርስ አለ? ታካሚው ለመርፌው ሳይመጣ ሲቀር በዚያው ቀን የሚደውልለት ማን ነው? ኢንሹራንስ መድኃኒት ሲከለክል ከፋርማሲው ጋር የሚጨቃጨቀው ማን ነው? አንድ ኬዝ ማናጀር (የታካሚውን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ) ስንት ሰው ይይዛል? ፈቃድ ስትወጡ ማን ይተካል? ስንት ነርስ ፕራክቲሽነር (መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ትቆጣጠራላችሁ፣ ለዚያስ በሳምንቱ ውስጥ ሰዓት ተመድቧል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥርት ያለ መልስ ከሌለ ሥራው ሁሉ በእናንተ ትከሻ ላይ ይወድቃል ማለት ነው፤ ደመወዙ ቢጨመርም አይካካስም።

ሁለት ነገር ደግሞ ከገንዘቡ ወገን። የሙያ ኢንሹራንሱ ከሥራው ከለቀቃችሁ በኋላ የሚነሳ ክስን ይሸፍን እንደሆነ፣ ካልሸፈነም የማሟያውን ወጪ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይስፈር። የትምህርት ብድር ያለባችሁ ደግሞ ክሊኒኩ ለትርፍ የማይሠራ ወይም የመንግሥት መሆኑን አረጋግጡ፤ የፌዴራል ብድር ከ120 ብቁ ክፍያዎች በኋላ የሚሰረዝበት ፕሮግራም ይህን ይጠይቃል።

የቤት ለቤት ሥራ ለሚወድ፣ በ1970ዎቹ ማዲሰን፣ ዊስኮንሰን የተጀመረውና አክት የሚባለው ቡድን አለ። ለ10 ታካሚ አንድ ሠራተኛ ይመደባል፣ ቡድኑ በ24 ሰዓት ይገኛል። አዲስ ቤት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ የት እንዳላችሁ ቢሮ ይወቅ፣ ስትቀመጡ በሩ ከኋላችሁ አይዘጋባችሁ።

ወገኖቻችንን ስታክሙ ሌላ ሐኪም ሊስታቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ክሎዛፒን የተባለውን፣ ሌላ መድኃኒት ላልረዳው ስኪዞፍሬንያ የሚሰጠውን መድኃኒት ለማስጀመር የኒውትሮፊል (የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ቁጥር በተለመደው መመሪያ ቢያንስ 1500 መሆን አለበት። በአፍሪካ ተወላጆች ዘንድ ግን ይህ ቁጥር ያለ ምንም ሕመም ዝቅ ማለቱ የታወቀ ነው፤ ለዚህ ሁኔታ መመሪያው ራሱ የተለየ መነሻ አስቀምጧል፦ 1000፣ ያውም ቢያንስ በሁለት የደም ምርመራ ተረጋግጦ። ይህን ሳያውቁ ሕይወቱን ሊለውጥ የሚችለውን መድኃኒት የሚነፍጉት ታካሚ አለ። የባይፖላር መድኃኒት የሆነው ሊቲየም ደግሞ ከጾም ጋር ይጋጫል። እስከ ከሰዓት ያለ ውኃ የሚውል ጿሚ፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ የማይጠጣ ሰው፣ ውኃ ሲጎድለው የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ይላል፤ ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ከጨመረበት ይብስበታል። «ጾሙን ተው» ብላችሁ አትጀምሩ። ጾሙ ሳይገባ ቀጠሮ ስጡት፣ ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ደም ይቀዳ፣ የሚወስድበትን ሰዓት አብራችሁ አስተካክሉ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥና መንገዳገድ ከመጣ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል እንዲሄድ ለቤተሰቡም ጭምር ንገሩ። ጸበል የሚጠመቅም ካለ ኪኒኑን ሳያቋርጥ እንዲጠመቅ ተነጋገሩ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ከተባለ ብዙው ሰው ክሊኒኩን ነው የሚተወው።

በከተማው አማርኛ የምትናገሩት ሳይካትሪስት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ በር ላይ ምክር ይጠየቃል፣ «ለእናቴ የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፍላት» የሚል ስልክም ይመጣል። መዝገብ ላልከፈታችሁለት ሰው መድኃኒት አትጻፉ። በአክብሮት ክሊኒኩ ጋ ቀጠሮ አስይዙለት፤ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ለባልደረባችሁ አስተላልፉት። ራስን የማጥፋት ነገር ከተነሳ 988 ይደወል፤ አደጋው በዓይን የሚታይ ከሆነ 911።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለወላጁ እንዲያስተረጉም አይፈቀድም። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ወሬው እንዳይወጣ ነው። ስለዚህ በአካል ከሚመጣ የአካባቢ ሰው ይልቅ ሌላ ስቴት ያለ የስልክ አስተርጓሚ ይመደብ፣ የታካሚውም ሙሉ ስም አይነገረው።

ለአገር ማበርከት የምትሹ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀመር ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ ለወር ያህል ያስተማሩበትን አሠራር ተመልከቱ። ለሳምንት ሄዶ ታካሚ አይቶ ከመመለስ ይልቅ እዚያ የሚቀሩ ሐኪሞችን ማስተማር ያዋጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍሉ የትኛው ትምህርት እንደጎደለው ጠይቁ፣ ፋርማሲው ውስጥ በቋሚነት የሚገኙትን መድኃኒቶች ዝርዝር አስልኩ፣ ሌክቸራችሁንም በእነዚያ መድኃኒቶች ላይ አዘጋጁ።